ጎረቤት የሚያየው ፍቅር

እናቴ ሲኒማ ቤት ውስጥ ስታለቅስ ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ሳለሁ፣ ፒያሳ ነበር። ፊልሙ የሕንድ ነው፤ በአዳራሹ ያለው ሴት ሁሉ የነጠላውን ጫፍ ወደ ዓይኑ ስላነሣ የእርሷ እንባ ከማንም እንባ አይለይም ነበር። ሁለተኛው ባለፈው ዓመት፣ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዚህኛው ብቻዋን አለቀሰች። ያለቀሰችውም ሌላው ተመልካች ሊያለቅስ ቀርቶ ልብ ብሎ እንኳ ባላየው ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ምሽት ወዲህ ስለ ፊልምም፣ ፊልም አብረውን ስለሚያዩ ሰዎችም የነበረኝ ሐሳብ እንደ ቀድሞው አይደለም።

ፊልሙ የሆንግ ኮንጉ ዳይሬክተር ዎንግ ካር-ዋይ የሠራው «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» ነው። የቻይንኛ ርዕሱ ሰው እንደ አበባ የሚፈካበትን የዕድሜ ዘመን የሚያመለክት አነጋገር ነው፤ እኔን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይህኛው ይነካኛል። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2000 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ሲሆን፣ ዋናውን ወንድ ሆኖ የተጫወተው ቶኒ ሊዩንግ በዚያው መድረክ የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ተቀብሎበታል። በ2022 ደግሞ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የፊልም ሐያሲያንን ድምፅ ሲሰበስብ፣ እስከ ዛሬ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ 5ኛ ሆኖ ተመርጧል። ይህን ሁሉ ለእናቴ አልነገርኳትም። «እማዬ፣ የፍቅር ፊልም ነው» ብቻ አልኳት። ነጠላዋን ለበሰችና ተከተለችኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1962 ነው። አንዲት ጸሐፊና አንድ ጋዜጠኛ፣ ሁለቱም ባለትዳሮች፣ በአንድ ቀን ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች ተከራይተው ይገባሉ። ዕቃቸው ሳይቀር በበሩ ላይ ይደባለቃል። የእርሷ ባልም የእርሱ ሚስትም አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሉም። ቀስ በቀስ፣ በአንድ የእጅ ቦርሳና በአንድ ከረባት ምክንያት፣ የሁለቱ የትዳር ጓደኞች እርስ በርስ እንደሚወዳጁ ይደርሱበታል። የተከዱት ሁለቱ ብቸኛ ሰዎች መጽናኛ ፍለጋ ሲገናኙ ይዋደዳሉ። ግን እንደ እነዚያ አንሆንም ብለው ቆርጠዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። አይሳሳሙም። አብረው አይኮበልሉም። ከዳተኞቹን ባልና ሚስት ደግሞ ጀርባቸውን ካልሆነ ፊታቸውን አንድ ጊዜም አናይም። ዳይሬክተሩ የአልጋ ትዕይንት ቀርጾ ነበር፤ በመጨረሻ ቆርጦ አወጣው። የቀረው ጠባብ ኮሪደር፣ የሲጋራ ጢስ፣ ዝናብ፣ በእጅ ተንጠልጥሎ ወደ ኑድል ሻጩ የሚወርድ የምግብ ዕቃና እየተመላለሰ የሚመጣ አንድ የቫዮሊን ዜማ ነው። ቀኑ መለወጡን የምናውቀው የሴትዮዋ ቀሚስ ሲለወጥ ነው።

ያየነው በሲልቨር ቲያትር ነው። ይህ ሲኒማ ቤት በ1938 የተከፈተ ነው። ለረጅም ዓመታት ተዘግቶ ከኖረ በኋላ በ2003 ታድሶ እንደገና ሥራ ጀመረ። ከበሩ ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው አማርኛ ይሰማል፤ ቡና ይሸተዋል። ውስጡ ግን ሌላ አገር ነው። ሰው ትኬቱን ይዞ በዝምታ ይገባል፤ በዝምታ ይቀመጣል። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ለእናቴ በጆሮዋ እየተረጎምኩ ስጀምር ከፊታችን ያለች ሴት ሁለት ጊዜ ዘወር ብላ አየችን። ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እናቴ እጄን ያዝ አድርጋ «ተዪው፣ ይገባኛል» አለችኝ። ተውኩት።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም ፊልሙን ቀደም ብዬ አይቼው ስለነበር ያን ዕለት የማየው ሰውን ነበር። ፊልሙ ከተጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ሰው ኮቱን ይዞ ወጣ። ሌላው ስልኩን አብርቶ ሰዓት አየ። ከኋላችን የተቀመጡት ወጣት ጥንዶች ደግሞ ሳቁ። የሳቁበት ቦታ ይህ ነው። ሴትዮዋ ጀርባውን ከሰጠን ወንድ ፊት ለፊት ተቀምጣ «ውሽማ አለህ ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። ባሏን የምትጠይቅ ይመስለናል፤ ትንፋሻችንን ዋጥ እናደርጋለን። ካሜራው ሲዞር ሰውዬው ባሏ አይደለም፤ ጎረቤቷ ነው። ባሏን እንዴት እንደምትጠይቅ እየተለማመደች ነው። የአዳራሹ ሰው መታለሉን ሲያውቅ በአንድነት ሳቀ። ልምምዱ ሲደገም ግን ሴትዮዋ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት፤ ይህን ያህል ያመኛል ብላ አላሰበችም ነበር። ያን ጊዜ የብዙው ሰው ሳቅ ጉሮሮው ላይ ቀረ። የወጣቶቹ ብቻ ቀጠለ።

ተናደድኩ። ዞር ብዬ ልገላምጣቸው ስል እናቴ «ተያቸው፣ ጨንቋቸው ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ይህችን ቃሏን ይዤ ብዙ አሰብኩ። በጨለማ ውስጥ የሚሳቅ ሳቅ ሁሉ ንቀት አይደለም። ዴቪድ ሊን የተባለው እንግሊዛዊ ዳይሬክተር በ1945 «ብሪፍ ኢንካውንተር» የተባለውን ፊልሙን ለሙከራ በሮቸስተር ከተማ ሲያሳይ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞታል። ያም ፊልም ባቡር ጣቢያ ላይ ተገናኝተው ስለተዋደዱና ትዳራቸውን አክብረው ስለተለያዩ ሁለት ሰዎች ነው። የመጀመሪያው የፍቅር ትዕይንት ላይ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ሳቀች። ሳቋ ወደ ጎረቤቷ ተላለፈ፤ በመጨረሻም አዳራሹ በሙሉ ይስቅ ጀመር። ሊን እፍረቱን መቋቋም አቅቶት፣ ወደ ፊልም ማጠቢያ ቤቱ ሰብሮ ገብቶ የፊልሙን ኔጋቲቭ ስለ ማቃጠል አስቦ እንደነበር ኋላ ተናግሯል። ፊልሙ በማግስቱ ዓመት ካን ላይ ከተሸለሙት አንዱ ሆነ።

የካን ታዳሚ ራሱ ደግሞ በ1960 ምን እንዳደረገ እናውቃለን። የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የሚክላንጄሎ አንቶኒዮኒ «ላቬንቱራ» በታየበት ምሽት፣ እነዚያ ባለ ጥቁር ክራባትና ባለ ረጅም ቀሚስ ሰዎች በፊልሙ ላይ ጮኹበት። አንዲት ሴት በደሴት ላይ ትጠፋለች፤ ፍቅረኛዋና ጓደኛዋ ሲፈልጓት እርስ በርስ ይዋደዳሉ፤ የጠፋችዋ ሴት አትገኝም፤ የት እንደገባችም ፊልሙ አይነግረንም። ተመልካቹን ያበሳጨው ይኸው ነው። ትዕይንቱ ሲረዝምበት «ቁረጠው!» እያለ ይጮህ ነበር። ዋናዋ ተዋናይት ሞኒካ ቪቲ እያለቀሰች ወጣች። በማግስቱ ዳይሬክተሩን ሮቤርቶ ሮሴሊኒን ጨምሮ በርካታ የሙያው ሰዎች ፊልሙን የሚያደንቅ ደብዳቤ ፈርመው አወጡ፤ ፌስቲቫሉም የዳኞች ሽልማት ሰጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው የእንግሊዝ መጽሔት ባደረገው ምርጫ 2ኛ ወጣ። እኔ ግን ልቤን የሚይዘው በኋላ የመጣው ክብር አይደለም። የለበሰ፣ የተማረ፣ ፊልም ሥራዬ ያለ ሰው ምን ቢነካው ነው እንደዚያ የጮኸ? እናቴ መልሱን በሁለት ቃል ነግራኛለች።

እኛ አዲስ አበባ ስናድግ ሲኒማ ቤት ዝም የሚባልበት ቦታ አልነበረም። ተመልካቹ ጀግናውን «ከኋላህ!» ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ክፉውን ይረግመዋል። ሁለት ፍቅረኞች ፊት ለፊት ሲቀራረቡ ከላይ ያሉት ወጣቶች ያፏጫሉ፤ ከታች ያሉት ትልልቅ ሰዎች ይስላሉ። ያን ሳል አሁንም እሰማዋለሁ። ጉንፋን አልነበረም። «እዚህ ሰው አለ፣ እያየናችሁ ነው» ማለት ነበር። ከዚያም በፊት፣ አባቶቻችን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ሲሉት፣ ሰው የሚፈራው በመጋረጃው ላይ የሚንቀሳቀሰውን ምስል ብቻ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ሲገባ የሚያየውን ሰውም ይፈራ ነበር።

አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል አለው፤ ይሉኝታ። በእንግሊዝኛ ላስረዳው ስሞክር ሁልጊዜ ያቅተኛል። እፍረት አይደለም፣ ጨዋነት ብቻም አይደለም፤ ሰው ገና ሳይናገር የሚናገረውን ቀድሞ በጆሮ መስማት ነው። የዎንግ ካር-ዋይ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ይሉኝታ ነው። አንድ ቀን ሴትዮዋ በሰውዬው ክፍል ውስጥ የጋራ ድርሰት ሲጽፉ ሳለ፣ የቤቱ ሰዎች ሳይታሰብ ይመጡና ማህጆንግ የተባለውን ጨዋታቸውን ይጀምራሉ። ጨዋታው አላልቅ ይላል። ሁለቱ ምንም ያላደረጉ ሰዎች እንደ ሌባ በክፍሉ ውስጥ ተቆልፈው ያድራሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ይህ ሁሉንም ያስቃቸው ክፍል ነው። እናቴ አልሳቀችም። ጉልበቷን ይዛ ወደ ፊት ዘንበል ብላ «አሁን ቢያገኟቸው ጉድ ነው» አለች፣ ለራሷ።

ካሜራውም እንደ ጎረቤት ነው የሚያየው። በበር ስንጥቅ፣ በመስኮት ፍርግርግ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው የሚቆመው። ሙሉ ክፍል አያሳየንም፤ ትከሻ፣ እጅ፣ የወንበር ጀርባ ያሳየናል። ሾልኮ የሚያይ ሰው የሚያየውን ያህል ብቻ ነው የምናየው። ስለዚህ የሚያፏጨው፣ የሚስለው፣ የሚስቀው፣ ኮቱን ይዞ የሚወጣው ተመልካች ከፊልሙ ውጪ የተቀመጠ ዳኛ አይደለም። ግቢው ውስጥ ነው። ይህን እኔ ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይቼ አላወቅሁትም ነበር።

አሁን እናቴ ወዳለቀሰችበት ቦታ ልምጣ። ሚስስ ሱን የተባለችው የቤቱ አከራይ ሴትዮዋን ለብቻዋ ታነጋግራታለች። አትቆጣም። እናት ለልጇ እንደምትናገረው ነው የምትናገራት። ወጣትነት ነው፣ መጫወትም ያለ ነው፣ ግን እንዲህ ውጪ ውጪ ማለት አይበዛም ወይ ትላታለች። ባልሽ መቼ ነው የሚመለሰው ትላታለች። ይኸው ነው፤ ጥቂት ዐረፍተ ነገር ነው። ቀጥሎ የቤቱ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ጨዋታቸውን ሲጫወቱ፣ ሴትዮዋ ብርጭቆ በእጇ ይዛ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ወደ ውጪ ታያለች። ማንም አያለቅስም። ሙዚቃው እንኳ የለቅሶ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ፈንዲሻ ያነሣ ነበር፤ ድምፁን እሰማለሁ።

ዘወር ስል የእናቴ ፊት እርጥብ ነው። ነጠላዋን አላነሣችም። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ እርሷ መስኮቱ አጠገብ የቆመችውን ሴት ታያለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክፍል ከእርሷ ጋር ሆኜ በሌላ ዓይን አየሁት። በፊልሙ መጨረሻ፣ በ1966፣ ሰውዬው ካምቦዲያ ወደሚገኘው ወደ አንግኮር ዋት ቤተ መቅደስ ይሄዳል። በጥንታዊው ግንብ ላይ ባለች ቀዳዳ አፉን አስጠግቶ ረጅም ጊዜ ያንሾካሹካል። የሚለውን አንሰማም። ከላይ የተቀመጠ አንድ ትንሽ መነኩሴ ያየዋል። ሲሄድ ቀዳዳው በአፈርና በሣር ተደፍኗል። ከፊታችን ያለችው ሴት ለጓደኛዋ ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቅ ሰማሁ። እናቴ ግን በቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ስለቱን የሚናገር ሰው ስታይ የኖረች ናት። እርሷም ራሷ በቀበና ዘመኗ ማለዳ ማለዳ ግንቡን ተሳልማ የልቧን ለድንጋይ ነግራ ትመለስ ነበር። «ይንገረው፣ ይቅለለው» አለች።

በመውጫው ላይ ሰዉ ተከማችቶ ይነጋገር ነበር። አንድ ወጣት ከልቡ ተናዶ «ለምን አብረው አልሄዱም? ማን ከለከላቸው?» ይላል። ጓደኛው «በዕድሜዬ እንዲህ የሚያምር ፊልም አላየሁም» ይላል። ሁለቱንም ተረዳኋቸው። የመጀመሪያውን ወጣት «ፊልሙ አልገባህም» ብሎ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም፤ ተቆርቁሮላቸዋልና። የሚጠይቀውም እውነተኛ ጥያቄ ነው።

መኪና ውስጥ ብዙ ከሄድን በኋላ እናቴ መናገር ጀመረች። በደርግ ዘመን፣ እኔ ከመወለዴ በፊት፣ በቀበሌ ቤታችን አንዲት ወጣት ከነባሏ ደባል ሆነው ይኖሩ ነበር። ባሏ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሲሄድ ሁለትም ሦስትም ሳምንት ይቆያል። በግቢው ሌላ ክፍል አንድ አስተማሪ አለ። በግቢው ውስጥ ደህና ሬዲዮ ያለው እርሱ ብቻ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ በሚተርክበት ሰዓት አስተማሪው ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ ያስቀምጥና ድምፁን ለግቢው ይለቀዋል። ሰው ሁሉ ሥራውን ይዞ ይወጣል። ልጅቱም በርጩማዋን በሯ ላይ አድርጋ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። ትረካው ሲያልቅ ሰዉ ይበተናል፤ እርሷና አስተማሪው ግን እርሱ መስኮቱ ላይ፣ እርሷ በሯ ላይ ሆነው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ይነጋገራሉ። በመካከላቸው ሙሉ ግቢ አለ። ሌላ ነገር አልነበረም።

«አንድ ቀን ለዚያ ሰዓት ጠጉሯን ተሠርታ፣ ቀሚሷን ለውጣ ወጣች» አለች እናቴ። «ሌሎቹ ሴቶች ተያዩ። እኔ ደግሞ ታላቋ ነኝ፣ ቤቱም የእኔ ነው፤ ሰው ሳያወራባት ብዬ ጠራኋት። ክፉ ቃል አልተናገርኳትም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ባልሽ መቼ ነው የሚመለሰው አልኳት። ይችን ብቻ ነው ያልኳት።»

በማግስቱ በርጩማው በሯ ላይ አልነበረም። አስተማሪው ሬዲዮኑን ለጥቂት ቀናት እንደ ልማዱ መስኮቱ ላይ አደረገው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ መለሰው። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ሄደ። ልጅቱ ከባሏ ጋር ኖረች፤ ልጆች ወለደች። ለእናቴ እስከ መጨረሻው ጥሩ ሰው ነበረች፤ እኔ ስወለድም ገንፎ ያገነፋችው እርሷ ናት።

«ታዲያ ምን አደረግሽ እማዬ?» አልኳት። «የሚገባውን ነው የተናገርሽው። በዚያ ዘመን ማንም ይል የነበረውን ነው ያልሽው።»

«አዎ» አለች። ትራፊክ መብራት ላይ ቆመን ነበር። «እኔ ተናግሬ ወጣሁ። እኔ ከወጣሁ በኋላ እንዴት ሆና እንደቆመች ግን አላየሁም ነበር። ዛሬ አየኋት።»

ፊልሙን የሠራው ሰው እ.ኤ.አ. በ1958 ሻንጋይ ተወልዶ በአምስት ዓመቱ ሆንግ ኮንግ ገብቶ ያደገ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ያሉት የሻንጋይ ስደተኞች በአንድ ኮሪደር ተጠጋግተው የሚኖሩበትን ቤት በልጅነቱ ያውቀዋል። የቀበናን ግቢ አያውቅም። ቢሆንም ሚስስ ሱንን ክፉ አላደረጋትም። ምግብ ስትሠራ «ኑ፣ አብረን እንብላ» የምትል፣ ሰው ሲታመም የምትጨነቅ፣ ሳቋ ቤቱን የሚሞላ ሴት ናት። ክፉ ብትሆን ኖሮ ልጅቱ እንቢ ትላት ነበር ብዬ አስባለሁ። ደግ ሰው የተናገረውን ግን እንዴት እንቢ ይባላል? እኔ ሁለት ጊዜ ሳይ ዓይኔ ከሁለቱ ፍቅረኞች ላይ ስላልተነሣ ይህችን ሴት እንደ ግድግዳ አልፌያታለሁ።

በቀጣዩ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና አፍልታ ስትጨርስ «ያን ፊልም በኮምፒውተር ማየት ይቻላል?» አለችኝ። ይቻላል አልኳት። ከመጀመሪያው ልጀምርላት ስል ሙሉውን አልፈለገችም። ያቺን አከራይ አሳዪኝ አለች። ፈልጌ አወጣሁላት። ሚስስ ሱን ስትናገር እናቴ ሲኒዋን አስቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራት ትናገር ጀመር፤ ቻይንኛውን አይደለም፣ የራሷን ቃል ነው። ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ፤ ሰዎቹ በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ሴትዮዋ ብርጭቆዋን ይዛ መስኮቱ አጠገብ ስትቆም «አቁሚው» አለችኝ። አቆምኩት። ተነሥታ ከቦርሳዋ መነጽሯን አመጣች፤ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ስባ ተቀመጠችና ልጅቱን አየቻት።